ሁለት ዓመተ ምሕረት በአንድ ዲስክ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ኬክ ቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ከወጣቶቹ አንዷ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ኮምፒዩተር ላይ ስሠራ ለመልመድ በጣም የከበደኝ ነገር ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። ሳላስብ «ቀን መጻፍ» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አልፈረድኩባቸውም። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ቀኑንም ሰዓቱንም ራሱ ያውቃል፤ ጥግ ላይ ለጥፎ ይጠብቃቸዋል። እኔ በጀመርኩበት ጊዜ ግን ማሽኑ በየማለዳው ሲነሣ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ሰውን ይጠይቅ ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት አንድ መልስ የአንዲት እናት ሙሉ ዓመት በላ። በኬክ መሀል የሚነገር ነገር ስላልሆነ ያን ዕለት አብሬ ሳቅሁ። አሁን ጊዜ ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

አባቴ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ የፋኖስ ክርና ምስማር ይሸጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ባንኮኒው ኋላ እንድቆምለት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን የጽሕፈት መኪና ድምፅ ልቤን ወስዶት ነበር። አዋሳ ያኔ ትንሽ ከተማ ናት። ሰው በሳይክልና በጋሪ ይሄዳል፤ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ከጠረጴዛ ላይ ያነሣል፤ የታይፕ ትምህርት ቤታችን መስኮት ደግሞ መዝጊያ አልነበረውም። እዚያ ነው የሠለጠንኩት። የአማርኛ መኪና የሚያውቅ ሰው ያስታውሳል፤ ፊደሉን አንዴ፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን ደግሞ ሌላ ጊዜ እየመታን ነበር የምንጽፈው። ጣት ከደከመ «ሉ» እግሯ ተቆርጦ «ለ» ሆና ትቀራለች፣ አለቃም ያንባርቃል።

የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ልተወውና፣ በክፍለ ሀገሩ ገጠር ውስጥ ባሉ ጣቢያዎች ሠራተኞችን የሚመድብ ነበር። ደመወዜ ቤት ለመከራየት ስለማይበቃ ከአባቴ ቤት አልወጣሁም። የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ክረምት ላይ የሚወጣው የምደባ ዝርዝር ነበር። ማን ሞያሌ መንገድ ይሂድ፣ ማን ነገሌ፣ ማን እዚሁ ይቅር የሚለው በዚያ ዝርዝር ይወሰናል። ስቴንስል በሚባለው የማባዣ ሰም ወረቀት ላይ እንመታዋለን፤ ስንሳሳት የጥፍር ቀለም በሚመስለው ማረሚያ ቀብተን፣ እስኪደርቅ እፍ እያልን እንጠብቃለን። እኔ በእነዚያ ዓመታት ማረሚያ በማይበዛበት ስቴንስሌ እታወቅ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ ነው፤ ሌላ ብዙ የምጎርርበት የለኝም።

ኮምፒዩተሩ የመጣው በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ነው። እርዳታ የሚሰጥ አንድ ድርጅት ነው የለገሰን። በሁለት ትልልቅ ካርቶን ከጭነት መኪና ሲወርድ የግቢው ሰው በሙሉ ወጥቶ ቆሞ አየው። አንድ ክፍል ተለቀቀለት። ከአብዮት በዓል በተረፈ ቀይ ጨርቅ መጋረጃ ተሰፋለት። አቧራ እንዳይገባበት ጫማ ደጅ እየተወለቀ፣ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ብቻ እንዲገባ ታዘዘ። ኃላፊያችን ጓድ መኩሪያ ከበላይ የመጡ እንግዶች ባሉበት ቆመው፣ «ሰው ይሳሳታል፤ ይህ ማሽን ግን አይሳሳትም። ከእንግዲህ በምደባችን ስሕተት የሚባል ነገር አይኖርም» አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔ ደግሞ ከልቤ ነበር።

ማሽኑን እንዲያውቁ አዲስ አበባ ሄደው ሦስት ሳምንት የሠለጠኑት አቶ ዱካሞ ነበሩ። የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የሲዳማ ሰው። በጴንጤነታቸው የተነሣ ወራት ታስረው እንደወጡ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አያወራም። አማርኛቸው በትምህርት ቤት የተማሩት ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ጨርሰው ነው የሚናገሩት፤ እንደኛ አይውጡም። ረዳት ይምረጡ ሲባሉ እኔን መረጡ። ለምን እኔን እንደሆነ ስጠይቃቸው ስቴንስሌን አይተው እንደሆነ ነገሩኝ። ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

የመጀመሪያው ቀን ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ተመለከትኩትና «ወረቀቱ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አልኳቸው። አልሳቁብኝም። ወረቀት እንደሌለው፣ የምጽፈው ሁሉ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ፣ ቀጥሎ ዲስኩ ላይ እንደሚቀመጥ አስረዱኝ። ዲስኩን በወረቀት ከረጢቱ አውጥተው አሳዩኝ። ጥቁር፣ ስስ፣ እንደ ቂጣ የሚታጠፍ ነገር ነው። መሀሉን መንካት አይቻልም፤ ሬዲዮ አጠገብ ማስቀመጥም አይቻልም። ኤ በሚባለው አፉ አጉርሰው መዝጊያውን ሲቆልፉት ማሽኑ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣና ከሥሩ አንዲት መስመር ብልጭ ድርግም እያለች ቆመች። ምን እየጠበቀች እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አንቺን ነው» አሉኝ።

ጣቴ የጽሕፈት መኪና ጣት ስለነበረ ቁልፎቹን እደበድባቸው ነበር። አቶ ዱካሞ እጄን ሳይነኩ፣ መዳፋቸውን በአየር ላይ ዝቅ ከፍ እያደረጉ ቀስ እንድል ያሳዩኛል። ደስታዬ ግን ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ ነበር። የተሳሳትኩትን ፊደል ያለ ምላጭ፣ ያለ ማረሚያ፣ ያለ ጠባሳ ሲያጠፋልኝ እንባዬ መጣ። ስቴንስል ላይ እፍ ስል ያለፈውን ጊዜዬን ሁሉ አሰብኩ። አማርኛ ፊደል አልነበረውም፤ ስሞቹን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። እሱም ቢሆን ያኔ ጉድለት ሆኖ አልታየኝም።

አቶ ዱካሞ ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ቁልፍ ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ኢንተር ነበር። አንድ ትእዛዝ ጽፈው ሲጨርሱ ሁለት እጃቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። የጻፉትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። ከዚያ በሲዳምኛ «ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ» ብለው ሦስት ይቆጥሩና ይጫናሉ። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ስጠይቃቸው፣ «እስክትጫኚው ድረስ ነገሩ የአንቺ ነው። ከተጫንሽው በኋላ የእሱ ነው» አሉኝ። እኔንም እንዲሁ አስለመዱኝ። ጎረቤት ክፍል ያሉት ታይፒስቶች እኔና እሳቸው ተራ በተራ «ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ» ስንል እየሰሙ ይስቁ ነበር።

ትእዛዞቹን በአንድ ደብተር ጽፈው ነበር ያስተማሩኝ። «ዲር» ከሚለው ትይዩ «ምን ምን አለ?» ብለዋል። «ኮፒ» ከሚለው ትይዩ «ከዚህ ወደዚያ»። ማጥፊያውን «ዴል» በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ከጎኑ «ሳትጠይቂኝ አይሆንም» የሚል አክለዋል። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ዲስክ ነበረን፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የመጠባበቂያ። ማታ ከመውጣታችን በፊት የሥራውን ወደ መጠባበቂያው እንገለብጣለን። የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ከተምታታ ደግሞ በ«ዲር» ሁለቱንም ከፍቶ፣ ማሽኑ ሲያስቀምጥ የመዘገበላቸውን ቀን ማየት ነው፤ ቀኑ የገፋው በኋላ በቀረው ላይ ይገለበጣል። ይህ የእሳቸው ሕግ ነበር። እንከን አላየሁበትም፤ አሁንም የለበትም።

ነገር ግን አንድ ያላስተማሩኝ፣ እኔም ያልጠየቅኋቸው ነገር ነበር። ማለዳ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ማሽኑ ሲነሣ የሚጠይቀውን ቀንና ሰዓት ሞልተው፣ ወንበሩን አሙቀው ነው የሚያስረክቡኝ። ስለዚህ ያን ጥያቄ ለአንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አላየሁትም ነበር።

ነሐሴ ገባ፣ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ሊያልቅ ነው። የምደባው ዝርዝር ተጽፎ አልቋል፤ የሚቀረው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው የሚያስተካክለውን አስተካክሎ ማተም ብቻ ነው። በዚህ መሀል የአቶ ዱካሞ ታላቅ ወንድም ማረፉ ተነገራቸውና አለታ ወንዶ ለቅሶ ሄዱ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ እሳቸው በሌሉበት ሳምንት እኔ እጅ ገባ። አብዛኛው የስም ፊደል ማስተካከያ ነበር። ምደባ እንዲለወጥለት ኮሚቴው የፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም አስቴር ነበረች።

አስቴርን አውቃታለሁ። ባሏ ታደሰ ከአባቴ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ባለው ጋራዥ መካኒክ ነው። እሷ የገጠር እናቶችን ስለ ምግብና ስለ ንጽሕና የምታስተምር ሠራተኛችን ናት፤ ሞያሌ መንገድ ላይ ባለ ጣቢያ አራት ዓመት ሠርታለች። ሣራ የምትባል ልጅ ወልዳ እዚያ ወባ ስለበዛባት፣ ጡት እንዳስጣለቻት አዋሳ አምጥታ ለባሏ እኅት ሰጥታት ነበር። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አስቴር በዓመት አንዴ፣ መንገዱ ሲፈቅድ ሁለቴ ታያታለች። የኮሚቴውን ውሳኔ በቃል የሰማች ዕለት በመስኮቴ አንገቷን አስገብታ፣ «ሙኒራዬ፣ ስሜን የምትጽፊበት እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ለዓመት በዓል አሻንጉሊት ሳይሆን ጫማ ልትገዛላት እንዳሰበች፣ የእግሯን ቁጥር ግን ታደሰን መጠየቅ እንዳለባት ነገረችኝ።

ማሽኑን ብቻዬን ያስነሣሁት አርብ ጠዋት ነው። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ዲስኩን አጎረስኩት፣ አጉረመረመ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። የዛሬው ቀን እንዲህ ነው ብሎ 1-01-1980 የሚል አሳየኝና አዲሱን ቀን እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ሰማንያ የሚለውን ሳይ ደስ አለኝ። እኛ ሰማንያ አንድን ልንጨርስ ነን፤ እሱ ሰማንያ ላይ ነው። ይህ የፈረንጅ ማሽን የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፣ ተዘግቶ ሲከርም አንድ ዓመት ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም አሳዘነኝ። ወር ከቀን እንዲቀድም በቅንፍ ጠቁሞኛል። ወሩን አስቀድሜ ነሐሴ አምስትን 12-05-81 ብዬ ጻፍኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አነበብኩ፤ ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ ብዬ ተጫንኩ። ተቀበለኝ። ማንም ሳይረዳኝ ነው ያደረግሁት ብዬ ቀኑን ሙሉ ኮራሁ።

የአገሬ ሰው ካልሆነ ይህን ስሕተት ማን ይሳሳተዋል? ማሽኑ ምንም የማያውቅ ሲሆን የሚያሳየው የልደቱ ዓመት፣ በፈረንጆች ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነው። እኛ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር ልክ እዚያው ሠፈር ደርሰን ነበር። አሥር ዓመት ቀደም ወይም ዘግየት ብንል ኖሮ ቁጥሩ እንግዳ ሆኖብኝ ሰው እጠይቅ ነበር።

ያን ዕለት እርማቱን በሙሉ አስገባሁ። አስቴርን ከሞያሌ መንገድ አንሥቼ አዋሳ አስገባኋትና ዲስኩ ላይ አስቀመጥኩት። ወደ መጠባበቂያው መገልበጥ ግን ፈራሁ። ከዚህ ወደዚያ የሚለውን ከዚያ ወደዚህ አድርጌው እንዳላበላሽ ብዬ ለአቶ ዱካሞ ተውኩት። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ተመለሱ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ልብሳቸው ከመንገድ ነው። ጓድ መኩሪያ ዝርዝሩ ከምሳ በፊት እንዲታተም አዘው ነበር። አቶ ዱካሞ ሁለቱንም ዲስኮች አስገብተው «ዲር» አሉ። በመጠባበቂያው ላይ ያለው፣ ከመሄዳቸው በፊት ራሳቸው ያስቀመጡት፣ 8-03-89 ይላል። በሥራው ላይ ያለው የእኔ 12-05-81 ይላል። ግንባራቸውን አሹ። ቀጥሎ ዞር ብለው ዲስኮቹን አቀያይሬያቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላቀያየርኩም። ግን ሰማንያ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አልገባኝም፤ አልገባኝም ለማለት ደግሞ አፈርኩ። ተማሪያቸው ነኝ፣ ማሽኑን ለእኔ ብቻ ትተውልኝ ሄደዋል። «ሳላቀያይራቸው አልቀረሁም» አልኳቸው።

እሳቸውም እንደ ሕጋቸው ሄዱ። የገፋው በኋላ በቀረው ላይ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ መስመሩን ድምፅ አውጥተው አነበቡት፣ ሦስት ቆጠሩ፣ ተጫኑ። አንድ ፋይል ተገለበጠ የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ማተሚያው እንደ ወፍጮ እየጮኸ ጠርዙ የተበሳሳውን ወረቀት ይተፋ ጀመር። የመጀመሪያውን ገጽ አየሁት፤ እርማት ያልነበረበት ነውና ልክ ነው። ጓድ መኩሪያ በር ላይ ቆመው ስለነበር ሁለተኛውን አላየሁትም። ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ወሰዱት።

ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በወጣ ዕለት አስቴር መስኮቴ ጋ መጣች። አልጮኸችም። ልጇን በነጠላ አዝላ ነበር፤ ሣራ ጀርባዋ ላይ አልተመቻትም መሰለኝ እየተወራጨች አክስቷን ትጣራለች። አስቴር ስሟን ሁለት ጊዜ እንዳነበበችውና ሞያሌ መንገድ የሚል እንዳገኘች ነገረችኝ። «ኮሚቴው ዋሸኝ? ወይስ እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ?» አለች። አጣርቼ እንደምነግራት ቃል ሰጥቼ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ቃለ ጉባኤውን አወጣሁት። ስሟ በግልጽ አለ። ከአቶ ዱካሞ ጋር ሁለቱንም ዲስኮች ከፈትን፤ በሁለቱም ላይ ያለው አሮጌው ነው። የእኔ እርማት የትም የለም። አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ አርብ ጠዋት ምን እንዳደረግሁ ከጫማዬ ጀምሬ ነገርኳቸው። ቀን ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«የማንን ዓመት ነው የጻፍሽው?»

«የእኛን።»

ማሽኑ የፈረንጅ እንጂ የእኛን ቀን እንደማያውቅ፣ እሳቸው በየማለዳው አስልተው እንደሚሞሉለት ቀስ ብለው አስረዱኝ። ከዚያ ሰማንያ አንድ የሚለውን ሲያዩ ቀኑ በትክክል ሳይሞላ የተቀመጠ አሮጌ ነገር እንደመሰላቸው፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን ግን አጥብቀው ይጠይቁ እንደነበር፣ ሐሳባቸው ከወንድማቸው መቃብር ገና እንዳልተመለሰ ነገሩኝ። እኔ ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው። ዲስኮቹን አላቀያየርኩም ነበር ማለት ግን ያኔም ከአፌ አልወጣም።

ተያይዘን ጓድ መኩሪያ ዘንድ ገባን። አቶ ዱካሞ ቆመው፣ በተሳሳተው ፋይል ላይ የተጫነው የእሳቸው እጅ እንደሆነ፣ አንድ ሠራተኛ ያለ ጥፋቷ እንደተጎዳች፣ ዝርዝሩ መታረም እንዳለበት ተናገሩ። ስለ ቀኑም፣ ስለ እኔም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጓድ መኩሪያ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በእንግዶች ፊት የተናገሩት ንግግር ነበረባቸው። ዝርዝሩ ወደ በላይ አካል ሄዷል፤ አሁን ተሳስተናል ብንል ማሽኑ ላይ እምነት ይጠፋል፤ ሴትዮዋ አንድ ዓመት ትታገሥ፣ በሚቀጥለው ትመጣለች አሉ። አቶ ዱካሞን ከኮምፒዩተሩ አንሥተው መዝገብ ቤት መደቧቸው። የጓድ መኩሪያ ዓይን ወደ እኔ ሲዞር የምናገርበት ጊዜ ነበረኝ። ከማሽኑ መለየት ፈራሁ። ያን ክፍል፣ ያን ወንበር፣ ያን ያለ ጠባሳ የሚያጠፋ ቁልፍ ወድጄው ነበር። መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ ያደረግሁት ትልቁ ጥፋት ከቀኑ ይልቅ ይኼ ነው።

አስቴር ያጣራሁትን ሳልነግራት፣ መስከረም ሳይጠባ ሄደች። ለሣራ የገዛችላትን ጫማ እኔው ነኝ ቁጥሩን ከታደሰ ጠይቄ የነገርኳት።

እኔ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ቀን ሲጠይቀኝ በጣቴ አስልቼ የፈረንጁን እሞላለሁ። በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት እወርዳለሁ። አቶ ዱካሞ በአቧራ ፋይሎች መሀል ተቀምጠው፣ ያልገባኝን ትእዛዝ በወረቀት ላይ እየጻፉ ያስረዱኝ ነበር። አንድም ቀን አላኮረፉኝም። ማኩረፉ በተሻለኝ ነበር። አንድ ቀን መታገሥ አቅቶኝ፣ ለምን ስሜን እንዳልጠሩ ጠየቅኋቸው።

«እኔ የተጫንኩትን እኔ ተናገርኩ» አሉኝ። «አንቺ የጻፍሽውን ደግሞ አንቺ ትናገሪዋለሽ። ጊዜው ሲደርስ።»

ለእኔ ጊዜው የደረሰው በጋራዡ በኩል ሳልፍ ነው። ሣራ አሁን አጥርታ ታወራለች። ከአክስቷ ጉያ ተሸጉጣ «እማዬ፣ እማዬ» እያለች ቀሚሷን ትጎትታለች። ሴትዮዋ እኔን አይታ አፈረች፤ እናትሽ ሌላ ናት ብትላትም ልጅቱ እንደማትሰማት ነገረችኝ። ታደሰ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል፤ መዶሻውን አቆመ፣ ግን አልወጣም። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንገድ መሄድ ተውኩ። በሌላ መንገድ ስሄድም ግን ድምፅዋ አይለቀኝም።

የሚቀጥለው ክረምት መጣ። በአዲሱ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ስም የአስቴርን ነው። አትሜው ገጹን ሁሉ በጣቴ እየተከተልኩ ካነበብኩ በኋላ ይዤው ጓድ መኩሪያ ዘንድ ገባሁ። የዓምናው ስሕተት ከእኔ ቀን እንደመጣ፣ ዲስክ አቀያየርኩ ብዬ እንደዋሸሁ፣ አቶ ዱካሞ የእኔን ተሸክመው መዝገብ ቤት እንደተቀመጡ ነገርኳቸው። «አሁን ይህን መናገር ምን ይጠቅምሻል?» አሉኝ። እኔን እንደማይጠቅመኝ፣ ለዚህም እንደዘገየሁ መለስኩላቸው። አቶ ዱካሞ ወደ ማሽኑ ተመለሱ። እኔ ከኃላፊነቱ ወርጄ የእሳቸው ረዳት ሆንኩ፤ «በዘመን አቆጣጠር ስሕተት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈልኝ። ጡረታ ስወጣ የግል ማኅደሬን አገላብጬ አየሁት፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ አሁንም አለ። የታይፑ ጽሑፍ የራሴ ነው፤ ደብዳቤውን ራሴን ነው ያስመቱኝ። አንድ ስሕተት የለበትም።

አስቴር የመጣችው ጳጉሜ ላይ ነው። ከሞያሌ መንገድ የሚመጣው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ እንደሚገባ ከታደሰ ሰምቼ መናኸሪያ ሄድኩ። የምላትን ለሳምንታት ሳዘጋጅ ከርሜያለሁ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ታደሰ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሣራን በእጁ ይዞ ቆሟል። አስቴር በፊተኛው በር ወረደች። ከስታለች፣ ጠቁራለች። ልጇን አይታ ሁለት እርምጃ ሮጠች፤ ሣራ ግን አባቷ እግር ኋላ ገብታ ሱሪውን ጨብጣ ያዘች። ታደሰ ሊያወጣት ጎንበስ ሲል አስቴር በእጇ ከለከለችው።

ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ቁጭ አለች፤ ፊቷ ከልጅቱ ፊት እኩል ሆነ። አልጎተተቻትም፣ አልሳመቻትም። እጇን ዘረጋችና፣

«እኔ አስቴር እባላለሁ። አንቺስ?» አለቻት።

ልጅቱ ብዙ አየቻት። ከዚያ እንግዳ ሲመጣ እንዳስተማሯት አንድ እጇን አውጥታ፣ «ሣራ» አለችና ጨበጠቻት።

ታደሰ ፊቱን አዞረ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ፣ የያዝኩት ንግግር ሁሉ ጠፍቶኝ፣ ነገሩን እንደመጣልኝ ነገርኳት። ቀኑን የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ዲስኩንም በተመለከተ መዋሸቴን፣ ይህ ዓመት በእኔ መሄዱን ነገርኳት። አስቴር ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ሰማችኝ። ዓይኗን ከልጅቱ አላነሣችም።

«ሰምቼሻለሁ ሙኒራ» አለችኝ። «ሌላ ቀን እቆጣሻለሁ። አሁን እጇን ሰጥታኛለች፤ ከለቀቅኋት ላትመልስልኝ ነው። ሻንጣውን አንቺ ያዢልኝ።»

ሻንጣውን አነሣሁት። ሦስቱ ፊት ፊት ሄዱ፤ እኔ ከኋላ እስከ ቤታቸው ድረስ ተሸከምኩት።